ሳታመካኝ ክደነው!

አህያ አያ ጅቦን «ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። በአሜሪካ ገጠር ነገሩ ተገልብጧል፤ የሚያመካኘው የበላው ድብ ሳይሆን ያበላው ሰው ነው። ከቨርጂኒያው ብሉ ሪጅ ተራራ እስከ ኮሎራዶ ጥቁሩ ድብ ሰው ደጅ እየደረሰ ነው። «ከተማው ጠበበን» ብለው ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተው ወደ ፍሬድሪክ፣ ወደ ዋረንተን፣ ወደ ፍሮንት ሮያል የወጡ ወገኖቻችንም ሰፊ ጓሮ ሲገዙ ድቡን አብረው ተረክበዋል። ከዚያ ወዲህ ሰበብ በሰበብ ሆነናል። ሰበቡን አንድ በአንድ አነሣለሁ፤ መልሱንም እዚያው እሰጣለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ነው።

«አገሩን ድብ ወረረው!»

ጋሼ፣ ወደ ቤቱ የተመለሰ ወራሪ አይባልም። ድብ እነዚህ ተራሮች ላይ የኖረው አስፋልትም የቤት ብድርም ሳይኖር ነው። ያጠፋው ሰው ነው፤ ደኑን ጨፈጨፈው፣ ድቡን በጥይትና በወጥመድ ጨረሰው። ሜሪላንድ የሚታደን ድብ ሲጠፋባት በ1953 አደኑን ዘጋች፤ በ1972 ደግሞ ድቡን ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ አስገባችው። አደኑ እንደገና የተከፈተው ከ51 ዓመት በኋላ፣ በ2004 ነው። ኒው ጀርሲ በ1970 ገደማ የቀሯት ድቦች 50 አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ21 ካውንቲዎቿ ድብ ያልታየበት የለም።

ምን ተገኘ? ሕግ ተገኘ፣ ደንም ተመለሰ። ገበሬው ጥሎት የሄደው ዳገት ዛፍ አበቀለ። የሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በ1935 ሲቋቋም ተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ተነሥተው ማሳቸው ለደን ተለቀቀ፤ ደኑ ሲያገግም ድቡ ተከተለው። በመላው ሰሜን አሜሪካ ዛሬ ከ800 ሺህ በላይ ጥቁር ድብ እንዳለ ይገመታል። ጋሼ፣ ቤቱን ሲገዙ «ዛፍ ያለበት ይሁን» ብለው ዋጋ ጨምረውበታል። ዛፉን የወደደ የዛፉን ነዋሪ ይቻል።

«ድቡ ሌባ ነው፤ ቆሻሻዬን ገልብጦ በተነው!»

ሌባ የተቆለፈ ይሰብራል። አንተ መች ቆለፍክና? በርሜሉን ማታ አውጥተህ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገህ፣ መብራት አጥፍተህ ተኛህ። ድብ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ የምግብ ሽታ ይለያል። በመከር ወራት ደግሞ ለበረዶው እንቅልፍ የሚሆን ስብ ሊያጠራቅም በቀን እስከ 20 ሰዓት ይበላል፤ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ያግበሰብሳል። ይህን ሁሉ ከኦክ ዛፍ ሥር ፍሬ በፍሬ ለመልቀም ሌት ተቀን መዞር አለበት። ካንተ በርሜል ግን አጥንቱን፣ የወጥ ትራፊውን፣ ዘይት የጠጣውን ወረቀት በአንድ ግልበጣ ያገኘዋል። ድብ ድካሙንና ትርፉን ማመዛዘን ያውቃል፤ ሒሳቡን ያቀለልክለት አንተ ነህ።

«ክዳን ምን ይለውጣል?» ትለኛለህ። ዱራንጎን ጠይቃት። በዚያች የኮሎራዶ ከተማ ተመራማሪዎች ለአንዳንድ ሰፈሮች ድብ የማይከፍተው በርሜል አደሉ፤ ሌሎቹን ሰፈሮች እንደነበሩ ተዉአቸው። በርሜሉ በታደለበት ሰፈር በቆሻሻ ምክንያት የሚነሣው ግጭት ካልታደለበት በ60 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ድቡ ያው ድብ፣ ተራራው ያው ተራራ፤ የተለወጠው ክዳኑ ነው።

«ማታ የማወጣው ጠዋት ሥራ ስለምቸኩል ነው።» አንተ ትቸኩላለህ፤ ድቡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ አለው። አሥር ደቂቃ ቀድመህ ተነሣ።

«ወፍ ማብላት ጽድቅ ነው!»

ጽድቁን በጥር ሥራው። ድቡ በተኛበት የበረዶ ወራት የሰቀልከው የወፍ መመገቢያ ማንንም አይጎዳም። ሚያዝያ ሲገባ ግን አውርደው። በሙቀቱ ወራት ወፏ ትሉም ዘሩም ሞልቶላታል፤ ያንተን እጅ አትጠብቅም። የሚጠብቅህ ድቡ ነው። ተፈልፍሎ የተዘጋጀ ግማሽ ኪሎ የሱፍ ፍሬ ከ2,500 ካሎሪ በላይ አለው። አራት ኪሎ የማይሞላ ከረጢት የአንድ ድብ የመከር ቀን ቀለብ ይወጣዋል። ይህን በሽቦ አንጠልጥለህ፣ ከመስኮትህ ፊት አድርገህ፣ «ድቡ ለምን ቤቴን ወደደው?» ትለኛለህ።

«በጥር መተኛቱንስ በምን አውቃለሁ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ድብ የሚተኛው ብርዱን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ የሚበላ ሲያጣም ነው። ምግብ በማይጠፋበት ሰፈር የሚውል ድብ ዘግይቶ ይገባል፣ ቀድሞም ይወጣል። እንዲተኛልህ ከፈለግህ ገበታውን አንሣ። ወፍ የሚወድ ሰው ደግሞ አበባና ቁጥቋጦ ይትከል፣ ውኃ ያስቀምጥ። ወፏ ለዚህም ትመጣለች።

«ቋንጣዬን የሰቀልኩት በገዛ በረንዳዬ ነው!»

እትዬ፣ በረንዳው የእርስዎ ነው፤ ሽታው ግን የነፋሱ ነው። በጨውና በበርበሬ የታሸ ሥጋ ጫካ ጥግ አስጥቶ ድብ እንዳይመጣ መመኘት አይሆንም። ቋንጣው ቤት ውስጥ ይድረቅ። ጋራዥ ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ፍሪጅም ይዩልኝ፤ የበዓል ሥጋ፣ ቅቤ፣ የተቁላላ ሽንኩርት ሞልቶት የጋራዡ በር በግማሽ ተከፍቶ ያድራል። በቴነሲዋ ጋትሊንበርግ የመኪና በር በመዳፉ ከፍቶ የሚገባ ድብ አዲስ ነገር አይደለም። የመኪና በር የከፈተ ፍሪጅ አያቅተውም።

«ሁልጊዜ አይደለም፤ በዓል ሲሆን ብቻ ነው» ይሉኛል። በዓላቱን እንቁጠራቸው። ፋሲካ የሚውለው ድቡ ከዋሻው ባዶ ሆዱን በሚወጣበት ሰሞን ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉት ድቡ ለእንቅልፍ በሚወፍርበት በመስከረም ነው። እኛ በግ አርደን አጥንት በምንጥልበት ወቅት እሱ አጥብቆ የሚበላ ይፈልጋል። ስለዚህ በዓል ሲመጣ ጥንቃቄው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። አጥንቱንና የዶሮውን ጥራጊ በላስቲክ ቋጥረው ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት፤ የቆሻሻ መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ያውጡት። ጥብስ የተጠበሰበትን ግሪል ስቡን ሳያጥቡ ደጅ አያሳድሩት።

ዶሮ የምታረባው እህቴ፣ የእንጨት ቤቱ ዶሮሽን ከዝናብ ያድናታል፤ ከድብ የሚያድናት የኤሌክትሪክ አጥር ነው። ለጠጅ ብሎ ቀፎ ያኖረው ወንድሜም ይኸው ምክር ይድረሰው። ድብ የሚፈልገው ማሩን ብቻ አይደለም፤ የንቧን እጭም ጭምር ጠርጎ ይበላል። አጥሩ ቀፎው ሳይደፈር ይታጠር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን!

«ካቢኑ የሁለት ቀን ኪራይ ነው፤ ምን አገባኝ?»

አንተ እሁድ ትሄዳለህ፤ ድቡ ሰኞ ይመለሳል። የሚያገኘው ቀጣዩን ተከራይ ነው፤ ምናልባትም ሕፃን ይዞ የመጣውን። ቅዳሜ ማታ በረንዳው ላይ ትተኸው የገባኸው የጥብስ ትሪ፣ መኪና ውስጥ የረሳኸው ዳቦና ሙዝ፣ ከበርሜሉ ውጭ የደረደርከው ላስቲክ ሁሉ ለድቡ ትምህርት ነው። ትምህርቱን የምትሰጠው አንተ፣ ፈተናውን የሚፈተነው ሌላ ሰው። ተራራ ለመዝናናት የወጣህ ሁሉ መኪናህን ቆልፍ፣ ምግብህን አስገባ፣ የደረስክበትን ቤት ካገኘኸው የጸዳ አድርገህ ተወው።

«እኛ እኮ በሐረር ጅብ የምናጎርስ ሕዝብ ነን!»

አንተ አጎረስክ ወይስ ቆመህ አየህ? ሐረር ላይ ጅብ የሚያበሉት ሰዎች የታወቁ ናቸው፤ ቦታውም ሰዓቱም የታወቀ ነው። ጅቡ የከተማውን ጥራጊ ጠርጎ ሲነጋ ወደ ዱሩ ይመለሳል። በአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ ከተማው ሁሉ ተቀብሎታል። ትውልድ ለትውልድ ያስረከበው ውል ነው።

አንተ ደጅ ያለው ድብ ከማን ጋር ተዋዋለ? ጎረቤትህ አያውቅም፣ ሕጉም ይከለክልሃል። በቨርጂኒያ ድብ ማብላት በመንግሥት መሬትም በግል መሬትም ክልክል ነው። በኒው ጀርሲ ቅጣቱ እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የሐረርን ልማድ የምታከብር ከሆነ የሐረሬውን ጥንቃቄ ያዝ፤ እሱ ጅቡን ያወቀው አብሮት ኖሮ ነው፣ አንተ ድቡን ያወቅከው ባለፈው ዓመት ነው።

«ያሳዝናል፤ ርቦት እኮ ነው!»

ካዘንክለት አታብላው። ጥቁር ድብ ከሚበላው አብዛኛው ሣር፣ ሥራሥር፣ የዱር እንጆሪ፣ የዛፍ ፍሬና ነፍሳት ነው፤ ቀለቡን የሚሰጠው ጫካ አለው። ካንተ እጅ የሚያገኘው ሞቱን ነው። ሰው ያበላው ድብ ሰው አይፈራም። ሰው ያልፈራ ድብ በር ይገፋል። በር የገፋ ድብ ይገደላል። ያጎረስከው ጉርሻ እዚያ ያደርሰዋል፤ ሲገደል ደግሞ አንተ ቆመህ ታለቅሳለህ።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ እስከ 1940 ድረስ ቆሻሻ እያስደፋ ድብ ሲበላ ለጎብኚ ያሳይ ነበር። ትርኢቱ ቀረ፣ የሰው ምግብ ፍለጋው ግን አልቀረም። በ1998 ብቻ በፓርኩ ከ1,500 በላይ የድብ ጥፋት ተመዘገበ፤ ጉዳቱ ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ አብዛኛውም የተሰበረ መኪና ነው። ጥፋቱ እየወረደ የመጣው ጎብኚው ምግቡን በብረት ሣጥን እንዲቆልፍ ሲገደድ ነው።

በሰሜን ካሮላይናዋ አሽቪል የተጠኑት የከተማ ድቦች ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩ። የአንድ ዓመት ሴት ድቦች ከጫካ እኩዮቻቸው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ክብደት ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ ገና በሁለት ዓመታቸው ወልደዋል። ቁጥሩ ለምን በዛ ብለህ ከጠየቅህ ከመልሱ አንዱ በርሜልህ ውስጥ አለ።

እናቲቱ በጥር ዋሻ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ግልገል ትወልዳለች፤ አንዱ ሲወለድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አብረዋት ሲዞሩ የሚበላውን ከማይበላው የሚለዩት እሷን እያዩ ነው። እናት በርሜል ካሳየች ልጅ በርሜል ይወርሳል።

«ልጆቹ ከድቡ ጋር ፎቶ ይነሡ!»

በ1902 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥቶ ሳለ ሰዎቹ ያሰሩለትን ድብ አልተኩስም ብሎ እንቢ አለ። ነገሩ በዋሽንግተን ፖስት ካርቱን ሆኖ ወጣ፤ ብሩክሊን ውስጥ አሻንጉሊት ተሰፋለት፤ «ቴዲ» ተባለ። ልጅህ አቅፋው የምትተኛው እሱን ነው፣ ሆዱም ጥጥ ነው። የጓሮው ድብ ሆድ ግን ምግብ ይፈልጋል። ፎቶ ካማረህ ከመስኮት ውስጥ ሆነህ አንሣ፤ ከዚያ ድስት አንኳኳ፣ ጮኸህ አባረው። ደጅህን የማያርፍበት ቦታ ካደረግህበት ዕድሜ ጨመርክለት።

«ይዘው ሩቅ ጫካ ይጣሉልን!»

ሩቅ የምትለው ጫካ የማን ደጅ ነው? እዚያም ሰው አለ፣ እዚያም በርሜል አለ። ሰው ከሌለበትም የሌላ ድብ ግዛት ነው። ደግሞም ድብ አገሩን አይረሳም፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተወስዶ የተመለሰ አለ። ያልተመለሰውም የለመደውን በር የመክፈት ሙያ ይዞ አዲስ ሰፈር ይገባል።

በካሊፎርኒያዋ ሳውዝ ሌክ ታሆ ሰዎች ቤት የሚሰብረውን ድብ «ሃንክ ታንኩ» ብለው ስም አወጡለት፤ የሰፈሩ ጥፋት ሁሉ በእሱ ተላከከ። በ2022 ዲኤንኤ ሲመረመር ሰባሪዎቹ ቢያንስ ሦስት ድቦች ሆነው ተገኙ። ዋናው የተባለውም ኋላ ሲጣራ ሴት ነበረች፤ በ2023 ከሦስት ግልገሎቿ ጋር ተያዘች፣ ኮሎራዶ ወዳለ የእንስሳት መጠለያም ተላከች። አየህ፣ አንዱን ወንጅሎ ማስወሰድ መንደሩን አያጸዳውም። አንዱ ቢሄድ ሁለት ይተካሉ፤ የጠራቸው ሽታ ገና አልተነሣማ!

«ተኩሶ መጨረስ ነው!»

መጨረሱ ተሞክሯል፤ የሜሪላንድንና የኒው ጀርሲን ታሪክ ከላይ ነግሬሃለሁ። በሕግ የተመጠነ አደን ግን ሌላ ነው። የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች ቁጥሩን ለመቆጣጠር ይጠቀሙበታል፤ እኔም አልቃወመውም። ይሁን እንጂ አዳኝ የሚተኩሰው ጫካ ውስጥ ነው፤ አንተን የሚያውክህ ድብ የሚውለው ጥይት በማይተኮስበት፣ በቤቶች መካከል ነው። አዳኝ ሺህ ጊዜ ቢተኩስ በርሜልህ አይከደንም።

«እንግዲያው አንድም ድብ አይነካ!» ትላለች ሌላዋ። እህቴ፣ ይህም አያዛልቅም። ከ1900 እስከ 2009 በአሜሪካና በካናዳ የዱር ጥቁር ድብ 63 ሰዎች ገድሏል። ለ110 ዓመት ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ለሟች ቤተሰብ ግን ጥቂት ሞት የሚባል የለም። በ2014 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ተማሪ በጫካ መንገድ ላይ ተገደለ፤ በግዛቲቱ የተመዘገበ የመጀመሪያው ሞት ነበር። ካሊፎርኒያም ጥቁር ድብ ሰው መግደሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረጋገጠችው በ2023 ዳውኒቪል በተባለች ትንሽ ከተማ በደረሰው አደጋ ነው፤ ሟቿ በገዛ ቤቷ የተገኙ አዛውንት ነበሩ። ቤት ሰብሮ የገባን፣ ሰው መከተል የጀመረን ድብ ባለሙያ «ይገደል» ሲል አልከራከርም።

የምከራከረው ከዚያ በፊት ስላለው ነው። የእነዚያን የ110 ዓመታት ሞቶች ያጠኑት ተመራማሪዎች ከሦስት አንድ እጅ በላይ በሆኑት አደጋዎች የሰው ምግብ ወይም ቆሻሻ ድቡን ወደዚያ ሳይስበው እንዳልቀረ ጽፈዋል። ድቡን የምትወጂ አንቺም፣ ድቡን የምትጠላ አንተም መጀመሪያ የምትሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁለታችሁም ቆሻሻችሁን ቆልፉ።

«ድብ ካየሁ እሮጣለሁ!»

የት ልትደርስ? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። «ዛፍ እወጣለሁ።» እሱ ካንተ ይልቅ ይወጣል። «የሞተ መስዬ እተኛለሁ።» ይህን የነገረህ የኤዞፕ ተረት ነው። በተረቱ አንዱ ጓደኛ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ሌላው ትንፋሹን ይዞ ተኛ፤ ድቡም አሽትቶት ሄደ። ጥቁር ድብ ፊት ሁለቱም ተሳስተዋል። ጥቁር ድብ ዛፍ መውጣት የሚማረው ገና በግልገልነቱ ነው፤ የሞተ እንስሳም ይበላል።

ስለዚህ ቁም። ፊትህን ወደ እሱ አድርግ፣ እጅህን ዘርጋ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር፣ ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ሽሽ። መውጫውን አትዝጋበት። ግልገል ካየህ እናቱ ቅርብ ናት፤ መካከላቸው አትግባ። ውሻህን በማሰሪያ ያዘው፤ ተለቆ ድብ የነካ ውሻ ድቡን አስከትሎ ወደ አንተ ነው የሚሮጠው። ጫካ ስትወጣ ድብ ማባረሪያ ስፕሬይ ወገብህ ላይ ይኑር። ከደረሰብህና ከያዘህ ግን ታገል፤ በእጅህ በገባው ነገር ሁሉ ፊቱንና አፍንጫውን ምታው። ዳዊትም በግ ጠባቂ ሳለ ድቡን ተኝቶ አልጠበቀውም።

«ግቢዬ የግሌ ነው፤ ማን አገባው?»

ግቢው ያንተ ነው፤ ድቡ ግን የመንደሩ ነው። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ግራፍተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ2004 ጀምሮ መንግሥት እጁን እንዲሰበስብ የሚሹ ሰዎች «ነፃ ከተማ» ሊያደርጓት ሰፈሩባት፤ በጀቱ ተቆረጠ፣ ሁሉም በየግቢው የፈቀደውን አደረገ። አንዷ ለድቦች ዶናትና እህል ታቀርባለች፤ ሌላው ጠመንጃ ይዞ ይጠብቃል፤ ሌላው ቆሻሻውን እንደፈቀደ ይጥላል። በ2012 አንዲት ነዋሪ በገዛ ደጇ ላይ በድብ ክፉኛ ቆሰለች። ድብ ያጎረሰው እጅ ሌላ፣ የተቧጨረው ገላ ሌላ!

የጎረቤትህን ልጅ አስብ። ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሊጠብቅ ጨለማው ሳይገፈፍ ይወጣል። አንተ ማታ ያወጣኸው በርሜል ያለው እሱ በሚቆምበት መንገድ ዳር ነው። መብትህ እዚያ ልጅ እግር ሥር ያበቃል።

እንግዲህ ሰበቡ ይህን ያህል ነው፤ ሥራው ከሰበቡ ያንሳል። የአሜሪካ ግዛቶች የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች በጋራ የሚያስተምሩበት «ቤርዋይዝ» የተባለ መርሐ ግብር ስድስት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ድብ አታብላ፣ አትጠጋውም። ምግብና ቆሻሻህን ቆልፍ። ድብ በሚንቀሳቀስበት ወራት የወፍ መመገቢያውን አውርድ። የውሻና የድመት ምግብ ደጅ አታሳድር። ግሪልህን አጽዳና አስገባ። ድብ ካየህ ለጎረቤትህ ንገር። ከስድስቱ አንዱም ምሕንድስና አይፈልግም፣ ብድርም አይጠይቅም።

ስድስተኛው የእኛ የራሳችን ዕዳ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቆሻሻውን የሚያወጡት ግን ብዙ ጊዜ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡት እናትና አባት ናቸው። ድብ አይተው አያውቁም፤ ጅብን እንጂ። በአማርኛ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፤ ማታ ብቻቸውን በርሜል ይዘው እንዳይወጡ አድርጉ። በየዕቁቡና በየማኅበሩ ቀን ነገሩን አንሡት፤ አዲስ ቤት ለገዛው ከእንኳን ደስ አለህ ጋር አብራችሁ ንገሩት። ድብ የማይከፍተው በርሜል ከቆሻሻ ሰብሳቢው ድርጅት ጠይቁ፤ አንድ ቤት ሲጠይቅ ችላ ይባላል፣ መንደሩ በአንድነት ሲጠይቅ ይሰማል። ሳምንቱ ሳያልፍ ጎረቤቶቻችሁን ሰብስቡና ጠይቁ።